የሐረገወይን አሜን

ሐረገወይን እንግሊዝ አገር፣ ቶተንሃም በሚባል ሰፈር ባለ አንድ ኮሌጅ ላይብረሪ ውስጥ ለተማሪዎች የምታስተምረው አንድ ነገር ነው፤ ያገኙትን ሁሉ እንዳያምኑ። ማን ጻፈው? መቼ? ማስረጃው የታለ? ልጆቹ ከጠረጴዛው ሥር ስልካቸውን እየነካኩ ያዛጋሉ፤ እሷ ግን ወይ ፍንክች። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን የእናቷን ተረት ወደ እንግሊዝኛ መልሳ ግድግዳው ላይ ለጥፋላቸዋለች።

እናቷ ወይዘሮ ጌጤነሽ ዋይት ሲቲ የሚባል ሰፈር ብቻቸውን ይኖራሉ። ደም ግፊት አለባቸው። በልጃቸው የሚኮሩት ኩራት ለጉድ ነው።

የዘመድ አዝማዱ የስልክ ግሩፕ ግን ሌላ አገር ነው። ከጧት እስከ ማታ የድምፅ መልእክት ይጎርፍበታል፤ ስብከቱ፣ ምርቃቱ፣ የነጭ ሽንኩርት ጥቅሙ። ማን ሁሉን ሰምቶ ይዘልቀዋል? ዝም ካሉ ደግሞ «ፈረንጅ ሆነች» መባል አለ። ስለዚህ ሐረገወይንም እንደ ሁላችን ሳትሰማ «አሜን» ትላለች። በጾሙ አጋማሽ አንድ ረጅም መልእክት ሲመጣም ሰቨን ሲስተርስ ጣቢያ ባቡር ስትጠብቅ አሜን ብላ አለፈች።

ከፋሲካ በኋላ፣ እያስተማረች ሳለ፣ ስልክ ተደወለላት። ሆስፒታል ስትደርስ እናቷ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ፣ አፋቸው ተጣሞ ተኝተዋል። ጎረቤታቸው የሻረግ አጠገባቸው ቆማለች።

«ክኒኑን ከተዉት ሰነበቱ» አለች የሻረግ። «በግሩፑ መልእክት የተነገረውን ቅጠል ነው አፍልተው የሚጠጡት።»

«አንቺስ ዝም ብለሽ አየሽ? ሐኪምዎን፣ ጂፒውን፣ ቼክ ያድርጉ አትያቸውም?»

«ኧረ ብያቸዋለሁ! ‹ሐረግ አሜን ብላለች፤ እሷ ሳታጣራ አትልም› አሉኝ። ምን ልበል?»

ሐረገወይን ኮሪደር ወጥታ መልእክቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማችው። የሴትየዋ ድምፅ ደስ ይላል። ማን እንደሆነች አልተናገረችም፤ ነገሩን ከየት እንዳገኘችውም። «የግፊት ክኒን መርዝ ነው፤ ጣሉት፤ ቅጠሉን አፍልታችሁ ጠጡ። ያመናችሁ አሜን በሉ» ብላ ጨረሰች። ከሥሩ ከሁሉ ቀድሞ የተጻፈው የሐረገወይን አሜን ነው። እናቷ የጻፉት ከእሷ ቀጥሎ ነበር።

ወይዘሮ ጌጤነሽ አንዲት ቃል ሳይወጣቸው ሞቱ። ግሩፑ በኀዘን ተጥለቀለቀ፤ «ነፍሳቸውን ይማር» ያላለ የለም። ሁሉም አሜን፣ አሜን ይላል። ሐረገወይን ስልኩን ይዛ ተቀመጠች፤ ጣቷ ግን እምቢ አላት።