ሦስት ኩባያ ውሃ

ዛሬ ቀትር ላይ ልጄ ወባ ይዞት ሲቃዥ ውሃ ቀዳሁለት። የቆርቆሮው ኩባያ ሽታ ወደ ነገሌ ቦረና መለሰኝ፤ እኔም እንደሱ ታምሜ ወደተኛሁበት ቤት።

ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ጊዜው የደርግ። አባቴ ከጎንደር የመጣ አስተማሪ ነው፤ እናቴ በአባቷ ቦረና ናት፤ የእናቴ እናት፣ አዬዮ የምንላት፣ ሱቅ ያላት ሶማሌ ነበረች። ትምህርት ቤት ልገባ ስለሆነ አባቴ «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት አማርኛ ብቻ!» ብሎ ነበር።

ጣሪያው በፀሐይ ይንጣጣል። በትኩሳት እየቃዠሁ ውሃ ለመንኩ አሉ። ሦስቱም ኩባያ ይዘው ከበቡኝ።

«ውሃ ብላለች፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለ አባቴ።

«ቢሻን ነው ያለችው! የጠራችው እኔን ነው» አለች እናቴ፣ ውሃን በኦሮምኛዋ ጠርታ። ኩባያዋን ስታስጠጋልኝ ውሃው አንሶላው ላይ ይፈሳል።

«ቢዮ ብላለች» አለች አዬዮ በሶማሊኛዋ፣ ቀስ ብላ።

ከዚያ ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። ጉሮሮዬ ደርቋል። ፊታቸውን ሳይ፣ የአንዱን ብጠጣ ሁለቱ የሚያለቅሱ መሰለኝና አፌን ገጥሜ ያዝኩ።

አዬዮ ኩባያዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ልጅቷ ጠምቷታል» አለች። «እኛ ነን ያስፈራናት።»

አባቴና እናቴ ግን ኩባያቸውን አላወረዱም።

በየትኛው ቋንቋ እንደለመንኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። የማንን ውሃ እንደጠጣሁም አላስታውስም።

ይኸው ልጄ ዓይኑን ገለጠ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ኩባያውን አስጠጋሁለት፤ እሱ ግን መጀመሪያ ያየው ፊቴን ነው።