በስድብ ያደገች ሚጥሚጣ

በረንዳችን ጎን ለጎን ቢሆንም የጎረቤቴን ስም እስከ ዛሬ አላውቅም። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፤ ካልሲው ግን ሁልጊዜ አንዱ ጥቁር አንዱ ቡናማ ነው። ዝንብ ሲያባርር እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ጨዋ ሰው ነው። ታዲያ ይህ ጨዋ ሰው በየጠዋቱ በዱቄት ወተት ጣሳ የተከላትን ሚጥሚጣ ይሰድባል።

ተክሏ ቁመቷ ስንዝር አይሞላም፤ ፍሬዎቿ ግን ሰው ሊቧጭሩ የተዘጋጁ ቀያይ ጥፍሮች ይመስላሉ። ቅጠሏን በእርጥብ ጨርቅ ቀስ አድርጎ ይወለውልና ጉሮሮውን ጠርጎ ይጀምራል።

«አንተ ዝርክርክ! ካልሲህን የትም ትጥላለህ! መብራት አጥፋ አላልኩህም? ዕድሜዬን በላኸው እኮ!»

አንድ ቀን አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ ሚጥሚጣ ደግሞ የምን ካልሲ አላት?» አልኩት።

የማይረባ ጥያቄ እንደጠየቅሁ ሁሉ አየኝ። «ካልተሰደበች አታቃጥልማ! ባለፈው ለስለስ ብዬ ባናግራት እንደ ካሮት ጣፈጠችብኝ።»

«እሺ፣ ስድቡንስ ከየት አመጡት?»

«የባለቤቴ ነው። እኔ ሌላ ስድብ አላውቅም።»

ከበሩ ሥር የሴት ነጠላ ጫማ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል።

አንዷን ፍሬ ቀጥፎ በዳቦ ነከሳት። ወዲያው ፊቱ ቀላ፣ እንባው በጉንጩ ወርዶ የተቆለፈ ኮሌታውን አራሰው። ደንግጬ ውሃ ላቀብለው ስል በእጁ ከለከለኝ።

«ተው፣ ተዋት» አለኝ፣ እንባውን ሳይጠርግ በደስታ ፈክቶ። «ዛሬ በደንብ ተቆጥታለች።»