ርጥብ ልጥ

ዛሬ ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ አንድ ሰው ርጥብ የግራር ልጥ ተሸክሞ አጠገቤ ሲያልፍ ሽታው የልጅነት ግቢያችን ውስጥ አስገባኝ።

ያኔ እናቴ ፀሐይ የምትሸሽበት ዳስ ልሠራላት ብዬ ጓሯችን ውስጥ እንጨት ተከልኩ፤ በማሽላ አገዳም አለበስኩት። ከሐኪም ተራራ ቁልቁል የሚወርደው ነፋስ ሁለት ጊዜ ጣለው። ወንድሜ "የዶሮ ቤት!" እያለ ሳቀብኝ። እናቴም "አሁን ከወደቀ እንጨቱን እማግደዋለሁ" አለች።

ሐረሪው ጎረቤታችን፣ ሽማግሌው አው ዑመር፣ በአጥር አሻግረው አዩኝ።

"ልጄ፣ በደረቅ ልጥ ነው ያሰርሽው?"

"አዎ አባባ፣ ርጥቡ ይላላል ብዬ።"

"ተሳስተሻል። ውሃ ውስጥ አሳድረሽ እሰሪበት። ሲደርቅ ራሱ ጨምድዶ ይይዘዋል፣ ኢንሻአላህ።"

እንዳሉኝ አደረግሁ። በሦስተኛው ቀን ነፋሱ ዝናብ አስከትሎ መጣና የግቢያችንን በር ገነጠለው። ዳሴ ግን ሲጥ ሲጥ አለ እንጂ አልወደቀም። ወንድሜ በስብሶ እየሮጠ ሲመጣ የዳሱ ደጅ ላይ ቆምኩበት።

"የዶሮ ቤት ልትገባ? መጀመሪያ እንደ አውራ ዶሮ ጩህ!"

"ኩኩሉ!" አለና ገባ።

እናቴም ነጠላዋን ተከናንባ ጎንበስ ብላ ገባች። ማሰሪያውን በጣቷ ዳበሰችው።

"እንግዲህ ማገዶ ከሌላ ቦታ እንፈልጋለን" አለች።

ሰውየው ከነልጡ ከዐይኔ ራቀ። እኔም ምን ልገዛ እንደመጣሁ ረስቼ፣ ገበያው መሐል ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ።