በያኤል ጆሮ ውስጥ

ውባለም አሜሪካ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ሀይዌይ ላይ ከቀኙ የዝግታ መስመር ወጥታ አታውቅም። ከሰፈሯ ከፎረስት ፓርክ ተነስታ አዛውንቶችን ወደምታስታምምበት ስትሄድ ከኋላ የመጣው ሁሉ ጥሩምባውን እያንባረቀ ያልፋታል። እሷም መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ «እለፍ ወንድሜ፣ መንገዱ ያንተ ነው» ትላለች። ከእንዲህ ያለች ፈሪ ሴት የተወለደችው ያኤል ግን ከዘጠኝ ዓመቷ በልጆች መኪና ጀምራ የመኪና ተወዳዳሪ ናት።

ልጅቷን ያስለመዳት አባቷ ግርማቸው ነው። ኒው አልባኒ በአንድ የዕቃ መጋዘን፣ በዌርሃውስ፣ ዕቃ የሚያነሡ ፎርክሊፍቶች ይጠግናል፤ ሞተር ሲሰማ ፊቱ የሚበራ ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስቱም ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ነድተው የውድድሩ ሜዳ ይሄዳሉ። ውባለም ግን ለአሥር ዓመት አንድም ውድድር አላየችም። መኪና ማቆሚያው ውስጥ መስኮት ዘግታ፣ መዝሙር ከፍታ ትቀመጣለች። ከሞተሩ ጩኸት ይልቅ የሚያስፈራት ጩኸቱ ድንገት ጸጥ ሲል ነበር፤ ጸጥታ ማለት አንድ ሰው ተጋጭቷል ማለት ነውና። ያኔ ዓይኗን ጨፍና ስልኳ እስኪጠራ ትጠብቃለች። ግርማቸው ይህን ስለሚያውቅ ፈጥኖ ይደውልና «የእኛ አይደለችም» ብሎ ይዘጋል።

በ2020 ያኤል አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ጋራዥ ያላቸው ጋሼ ለማ፣ የጋራዡን ስም በሩ ላይ ያስጻፉበትን አዲስ የውድድር መኪና ሰጧት። ግርማቸው ደግሞ ስፖተሯ ሆነ። ሾፌር ሄልሜት አጥልቆ፣ በቀበቶ ታስሮ ጎኑንና ኋላውን ማየት አይችልም፤ ስለዚህ አንድ ሰው ከፍ ያለ ማማ ላይ ቆሞ በሬዲዮ ያይለታል። አባትና ልጅ የሚነጋገሩት በአማርኛ ነበር። አጠገቧ መኪና ካለ «አለ» ይላታል፤ ካለፈች በኋላ «የለም»። የሌሎቹ ቡድኖች ሬዲዮውን ቢጠልፉት እንኳ አንዲት ቃል አይገባቸውም። በዚያ ዓመት መጸው ያኤል የሜዳው ሻምፒዮን ሆነች። ዋንጫው ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄዶ በጭብጨባ ታየ።

በታኅሣሥ ግርማቸው ኮሮና ያዘው። ሠላሳ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኝቶ፣ የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫው ላይ ተሰክቶ ተመለሰ። ድምፁ ሳሳ። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ይተነፍሳል፤ ማማ መውጣት ይቅርና የቤቱ ደረጃ ዳገት ሆነበት።

በፀደይ ጋሼ ለማ ሌላ ስፖተር ቀጠሩ። ልምድ ያለው፣ ድምፁ የማይናወጥ አሜሪካዊ ነበር። ያኤል ግን በሦስት ውድድር ሦስቴ ከኋላ ገባች። አንድ ቀን ራት ላይ ማንኪያዋን አስቀምጣ እናቷን አየቻት።

«ማሚ፣ ሰውየው ስለ እኔ ኬር አያደርግም፤ ምንም ብሆን ግድ የለውም። አንቺ ስፖት አድርጊልኝ።»

ውባለም የምትቀልድ መስሏት ነበር። ስትረዳ ግን እሷም ማንኪያዋን አስቀመጠች። እንኳን ውድድሩን ላይ፣ የሞተሩን ድምፅ መስማት አልችልም አለች። ግርማቸው እጁን እጇ ላይ ጣለ።

«ዓይንሽ... ጥሩ ነው» አላት። «እኔ... አስተምርሻለሁ።»

ለአንድ ወር ከሥራ ስትመለስ አጠገቧ ተቀምጦ የድሮ ውድድሮችን በላፕቶፕ እያሳየ አስተማራት። መናገር ሲደክመው በጣቱ ይጠቁማል። በሰኔ የመጀመሪያው ቅዳሜ ውባለም የማማውን ደረጃ የብረቱን ድጋፍ ይዛ ወጣች። ልጇ ስትነዳ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኗ ያየቻት ያን ቀን ነው። መኪኖቹ አንዱ የሌላውን ጭራ እየነካ ኩርባው ውስጥ ሲገቡ ድጋፉን በአንድ እጇ አጥብቃ ያዘች። የሬዲዮውን ቁልፍ ተጭና አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ሁለት ዙር እንዲሁ አለፈ።

«ማሚ? አር ዩ ዜር? አለሽ?» አለች ያኤል።

«አለ» አለች ውባለም። «አለ... አለ... የለም።»

ያን ቀን ሰባተኛ ወጡ፤ ቀጥሎ አራተኛ። በሐምሌ አሸነፉ። ሰዎች ውባለምን ጎበዝ አሏት። ከውድድር በፊት ከማማው ኋላ ሄዳ እንደምታስመልስ፣ ከዚያ አፏን ተጉመጥምጣ እንደምትወጣ ግን ማንም አያውቅም ነበር። እየቆየሁ ስሄድ እለምደዋለሁ ብላ ነበር። ፍርሃቱ ግን ከልጅቷ ፍጥነት ጋር እኩል እየጨመረ ሄደ።

ነሐሴ ላይ ያኤል እየመራች፣ ሁለት መኪኖች ከግራና ከቀኝ ተጣበቁባት። ለስምንት ዙር አልለቀቋትም። ውባለም «አለ፣ አለ» ስትል ቆይታ፣ ሳታውቀው ጸሎት ጀመረች። «ጌታ ሆይ፣ ልጄን አትውሰድብኝ፤ እባክህ አትውሰድብኝ።» ጣቷ ከቁልፉ ላይ አልተነሣም ነበር።

ሦስተኛው ኩርባ ላይ የያኤል መኪና በድንገት ፍጥነት ቀነሰ። ከኋላ የነበረው መታት። መኪናው ዞረ፣ ግንቡን በጎኑ መታ፣ ከዚያም ሁለት ጊዜ ተገለባብጦ በጣሪያው ቆመ። ሞተሮቹ ሁሉ ጸጥ አሉ።

«ያኤል» አለች ውባለም በሬዲዮው። «ያኤል።» መልስ የለም። ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታስታውስም። አጥሩ ላይ አንድ ወፍራም ሰው አቅፎ ያዛት፤ በሰውየው ትከሻ ላይ አሻግራ ጭሱን እያየች የልጇን ስም መጥራት አልተወችም። መኪናውን ቆርጠው ያኤልን እስኪያወጧት አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ።

ነፍሷ ተረፈች። የግራ እጇ አንጓ ተሰበረ፣ ሁለት ጎድኗ ተሰነጠቀ። በማግስቱ ሆስፒታል ውስጥ ውባለም የልጇን እግር እያሸች ለምን ፍጥነት እንደቀነሰች ጠየቀቻት።

ያኤል ጣሪያውን አየች። «ስትጸልዪ ሰማሁሽ። ድምፅሽ... የሆነ ነገር አየሽ መሰለኝ። እግሬን አንሥቼ ጋዙን ለቀቅሁ።»

ውባለም እጇን ከልጇ እግር ላይ አነሣች። ኮሪደሩን ይዛ ሄደች፤ መጨረሻው ላይ ያለው መስኮት ጋ ደርሳ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ቆመች።

ጋሼ ለማ መኪናውን አሠርተው ባሮክ የሚባል ሌላ ልጅ አስቀመጡበት። ቤት ድረስ መጥተው በትሕትና ነገሯቸው፤ ልጅቷ ትረፍ፣ አጥንቷ ይጠገን አሉ። ያኤል ቡናቸውን ቀድታ ክፍሏ ገባች። እጇ ሲድን ኒው አልባኒ ዌርሃውስ ገብታ ዕቃ ማሸግ ጀመረች። ሄልሜቷን ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ በጨርቅ ሸፈነችው።

ውባለም እፎይ ማለት ነበረባት፤ አለችም። በጸሎት ስብሰባ ላይ ተነሥታ ልጇን ከዚያ ነገር ስላወጣላት እግዚአብሔርን አመሰገነች። ኋላ ወንበር ላይ የነበረችው ያኤል ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ለሳምንታት ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገሩም።

በጥር በረዶ ጣለ። የውባለም መኪና አልነሣ ስላለ ያኤል ወደ ሥራ ልታደርሳት ወጡ። ሀይዌይ ሲገቡ ውባለም የልጇን እጅ አየች፤ መሪውን ከመጨበጧ የተነሣ የጣቷ አንጓ ነጭቷል። ቀኝ መስመር ላይ በሃምሳ ማይል ትሄዳለች። አንድ ከባድ መኪና ሲያልፋት ትንፋሿን ያዘች። በረዶው ተጠርጎ አስፋልቱ ደርቆ ነበር። ውባለም ስትወርድ በሩን ሳትዘጋ ቆማ ልጇን አየቻት። እኔን ሆናለች አለች በልቧ። ፍርሃቴን አጋባሁባት። ይህ የባሰ አስፈራት።

በሳምንቱ ብቻዋን ጋሼ ለማ ጋራዥ ሄደች። እሳቸው ከአንድ መኪና ሥር ወጥተው እጃቸውን ጠረጉ።

«ጋሼ፣ ያኤልን መልሷት» አለች።

«አንቺ ነሽ ይህን የምትጠይቂኝ?»

«እኔ ነኝ። እፈራለሁ፤ አሁን እንኳ እየተንቀጠቀጥሁ ነው። ግን ልጄ በቁሟ እየሞተች ነው።»

ጋሼ ለማ ወደ ባሮክ መኪና ዞሩ። አዲሱን መኪና ከባሮክ መቀማት ነውር ነው አሉ። ከጓሮ ግን በ2017 የተሠራ አንድ አሮጌ የውድድር መኪና ነበረ፤ ሞተሩን ግርማቸው ቁጭ ብሎ እያዘዘ ያኤል ራሷ ትፈታታው አሉ። መጋቢትና ሚያዝያ እንዲህ አለፉ። አባት ወንበር ላይ፣ ልጅ ሞተሩ ውስጥ። ያኤል ገና የውድድር ልብሷን ሳታወጣ አንድ ነገር ብቻ ነገረቻቸው፤ ማማው ላይ ማሚ ካልቆመች ሜዳ አልገባም።

ውባለም የሬዲዮውን ቁልፍ ተጭኖ ወዲያው መልቀቅን ሳሎን ውስጥ ተለማመደች። ጸሎቷን ጥርሷን ገጥማ መጸለይ ለመደች። በግንቦት አሥረኛ፣ ከዚያ ስምንተኛ ወጡ። ችግሩ መኪናው አልነበረም። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሲደርሱ ያኤል በየዙሩ ጋዙን ትለቃለች። ከማማው ላይ በግልጽ ይታያል፤ ውባለም ለማንም አልተናገረችም።

ሰኔ ማብቂያ ላይ፣ ሃያ ዙር ሲቀር፣ ውባለም ቁልፉን ተጫነች።

«ያኤል፣ ፈርተሻል?»

መኪናው ሁለተኛውን ኩርባ ዞረ። ከዚያ «አዎ» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እኔም ፈርቻለሁ። ከጎንሽ ማንም የለም። ሂጂ።»

ያኤል ሦስተኛው ኩርባ ውስጥ ጋዙን ሳትለቅ ገባች። ውባለም ዓይኗን መጨፈን ፈለገች፤ አልጨፈነችም። መኪናው ግንቡን በአንድ ክንድ ስቶ ወጣ። በቀጣዩ ዙር እንዲሁ፣ ከዚያም እንዲሁ። ሦስተኛ ሆነው ጨረሱ። ያኤል ከመኪናው ወጥታ ጣሪያው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ውባለም ከማማው ኋላ ሄዳ፣ በዚህ ጊዜ ከውድድሩ በኋላ፣ አስመለሰች።

በዚያ ዓመት ዋንጫ አላገኙም። በጠቅላላ ነጥብ አራተኛ ሆኑ፤ ሻምፒዮኑ ባሮክ ነበር። ይሁን እንጂ በመስከረም ከሰሜን ካሮላይና አንድ ቡድን ደውሎ፣ ከአሮጌ መኪና ይህን ያህል ያወጣችውን ልጅ ልንሞክራት እንፈልጋለን አለ። ሜዳው ትልቅ፣ ፍጥነቱም የበዛ ነው። ስፖተርም የራሳቸው አላቸው። ያኤል ይህን ስትነግራት ውባለም ሳህን እያጠበች ነበር። አንዱን ሳህን ሦስት ጊዜ አጠበችው፤ ከዚያ «ሂጂ» አለቻት።

የመጀመሪያው ውድድር በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ነበር። ግርማቸውና ውባለም ሶፋው ላይ ተጠጋግተው በእሱ ስልክ አዩት። ምስሉ ከእውነተኛው ሰዓት ሠላሳ ሰከንድ ወደ ኋላ እንደሚዘገይ ግርማቸው ነግሯታል። ይህ ዕረፍት ነሳት፤ ያኤል ኩርባ ስትገባ በሚያዩበት ሰዓት፣ የሆነው ሁሉ እዚያ ሆኖ አብቅቷል። ከንፈሯ ግን ከመንቀሳቀስ አላቆመም። «አለ... አለ...» ትላለች፣ ማንም ባይሰማትም። አርባኛው ዙር ላይ ምስሉ ቀጥ አለና ስልኩ ጠቆረ። ግርማቸው ቢነካካው እምቢ አለ። ውባለም ተነሥታ ሳሎኑ መሀል ቆመች። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመች ኋላ ሲጠይቋት መናገር አልቻለችም።

ከዚያ በውባለም ስልክ ላይ የጽሑፍ መልእክት መጣ። «ዘጠነኛ ወጣሁ። ደህና ነኝ። ሰውዬው እንዳንቺ አይደለም፤ ግን ያያል።»

ግርማቸው ጮክ ብሎ አነበበላት፤ ሁለት ጊዜ ተንፍሶ። ውባለም ተቀመጠችና የሚቀጥለው ውድድር መቼ እንደሆነ ጠየቀችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው አላት።