ጋራዥ ውስጥ የሚጠፋ በሽታ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁት በጥቅምት ወር፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ባለቤቴ ዳዊት ቀድሞኝ ቶሮንቶ ገብቶ ስፖንሰር አድርጎኝ ነበር። «ዛሬ ነገ» ሲባል የከረመው ወረቀት አንድ ቀን በድንገት አለቀና ቦሌ የሚያደርሰኝ ሚኒባስ ደጃፋችን ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል። እናቴ ሻንጣዬን ለአራተኛ ጊዜ ከፍታ ሹራብ ትጨምራለች፤ እህቴ ከላዩ ላይ ተቀምጣ ዚፑን ለመዝጋት ትታገላለች። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ይህን አይተው፣ «ኧረ ተይ! የደብረ ብርሃን ልጅ ብርድ ምን ያደርጋታል? እንዲያውም ብርዱ እሷን ይፍራ!» አሉ። የቆመው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አመዳይ እየረገጥኩ ተምሬ፣ አመዳይ እየረገጥኩ ሰባት ዓመት በሙያ ኮሌጅ የመኪና ኤሌክትሪክ ያስተማርኩ ሴት ነኝ፤ ብርድን የማውቀው መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን አልሳቀችም። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ እጄን እንደያዘች ትንሽ ተራመደች፤ ከዚያ ለቀቀችኝ።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ የኛ ብርድ ጨዋ ነው። ጠዋት መጥቶ፣ ፀሐይ ስትወጣ ይቅርታ ጠይቆ ይሄዳል። የዚህኛው ኅዳር ላይ ይገባና እስከ ሚያዝያ ቤተኛ ይሆናል። ዳዊት የተከራየው ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በመስኮቱ ጠርዝ የሚገባው ነፋስ ያፏጫል። የሕንፃውን ጠባቂ፣ እዚህ «ሱፐር» የሚሉትን፣ ጠርቼ «ቤቱ ይበርዳል» አልኩት። ግድግዳው ላይ ያለውን ቴርሞሜትር አየ።

«ሃያ አንድ ዲግሪ ነው። አይበርድም።»

«እኔ ግን ኮት ለብሼ ነው የማናግርህ።»

«ኮትሽን አይቻለሁ» አለ በትሕትና። «ቴርሞሜትሩ ግን ሃያ አንድ ይላል።» ብሎኝ ሄደ።

ሥራ ፍለጋው ደግሞ የባሰ ነበር። አዲስ ገቢዎችን የምታማክር አንዲት ሴት ዘንድ ሄጄ የትምህርት ማስረጃዬን ዘረጋሁላት። ፈገግ ብላ፣ «የካናዳ ልምድ አለሽ?» አለችኝ።

«የመጣሁት ያለፈው ሳምንት ነው።»

«ስለዚህ የለሽም። ልምድ ያስፈልግሻል።»

«የት ነው የማገኘው?»

«ሥራ ላይ።»

«ሥራውንስ?»

«ልምድ ሲኖርሽ» አለችና አንድ በራሪ ወረቀት ሰጠችኝ። ወረቀቱ ላይ የሚስቁ ሰዎች ፎቶ ነበረበት።

በመጨረሻ ኢቶቢኮ ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ ጋራዥ በር ላይ «ሠራተኛ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ አየሁና ገባሁ። ባለቤቱ ማርኮ የሚባል፣ ጢሙ የሸበተ፣ እጁ ግራሶ በግራሶ የሆነ ሰው ነው። ከላይ እስከ ታች አየኝና ጠረጴዛው ላይ ካለው ዕቃ አንዱን አንሥቶ «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። ደንግጬ የተማርኩት እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋብኝ።

«ካቻቪቴ» አልኩት።

እጁ አየር ላይ ቀረ። «ምን አልሽ?» ሌላ አነሣ። «ይሄስ?»

«ፒንሳ።»

«ጎማ የሚሠራውን ሰውዬ ምን ትሉታላችሁ?»

«ጎሚስታ!»

ማርኮ ወንበር ስቦ ተቀመጠና እንባው እስኪመጣ ሳቀ። አያቱ ከጣሊያን የመጣ ነው፤ ሽማግሌው ከሞተ ወዲህ እነዚህን ቃላት በዚህ ጋራዥ ውስጥ የጠራቸው ሰው አልነበረም። ቃላቱ እንዴት አገራችን እንደገቡ አላነሣሁበትም፤ ሥራ ፈላጊ ታሪክ አይቆጥርም። «ሰኞ ነይ» አለኝ።

ሰኞ ሄድኩ። ሥራዬ የበጋ ጎማ ማውለቅ፣ የክረምት ጎማ መግጠምና ወለል መጥረግ ነበር። ኮምፒዩተሩን መንካት ክልክል ነው። የአውቶቡስ መንገዴ ረጅም ስለሆነ የመኪኖቹን መመሪያ ስልኬ ላይ እያወረድኩ አነባለሁ። አስተማሪ ነኛ፣ አመሌ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያው በረዶ እስኪጥል ድረስ የዚህ ዘመን መኪና ዓይን እንዳለው በውል አልገባኝም ነበር። ከፊት መስታወቱ ጀርባ ካሜራ አለው፤ ፊቱ ላይ ራዳር፤ ፓራውልቱ ላይ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ የተደረደሩ ሴንሰሮች። ከፊት ያለውን መኪና ለክቶ ፍሬን ይይዛል፤ ከመስመር ስትወጡ መሪውን ይመልሳል። በረዶ ሲጥል ግን ይሄ ሁሉ ዓይን ይጋረዳል። የመንገዱ መስመር ከተሸፈነ ካሜራው የቱን ይዞ ይሂድ? ደግሞ ጨዉ! እኛ በቁንጥጫ የምንሰስትለትን ጨው እዚህ በመኪና ጭነው አስፋልት ላይ ይበትኑታል። በረዶው ከጨዉና ከጭቃው ጋር ተቦክቶ እንደ ቀጠነ አብሲት ይረጭና የኋላ ካሜራው ላይ ደርቆ ይቀራል። በዚያ ሰሞን ደንበኛ ሁሉ «መኪናዬ አላይም አለኝ» እያለ ይመጣል። እኔ በለስላሳ ብሩሽ ጠርጌ ዓይኑን እገልጥለታለሁ፤ ሰውዬው ተአምር ያየ ይመስል አመስግኖኝ ይሄዳል።

ጋሽ ተሰማ የመጡት ጥር ውስጥ ነው። በሱዳን በኩል ወጥተው እዚህ አገር የገቡ የድሮ ስደተኛ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። አሁን ጡረታ ወጥተው የሰፈራችንን አዛውንቶች እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ በሥራ ቀን ሐኪም ቤት የሚያመላልሱት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ካልነዱ ስንቱ ሽማግሌ ቤቱ ይውላል። መኪናቸው ሃይዌይ ላይ ባዶ መንገድ እያየ ሦስት ጊዜ በራሱ ፍሬን ይዟል፤ በሦስተኛው ከኋላ የነበረ ትልቅ ጭነት መኪና ለጥቂት ነው የሳታቸው። ያን ዕለት የጫኗቸው ሁለት አሮጊቶች ናቸው። ይዛቸው የመጣችው ልጃቸው ሄለን ናት፤ እዚሁ የተወለደች ነርስ።

ማርኮ መኪናውን ጋራዥ ውስጥ አሳድሮ በማግስቱ በኮምፒዩተር መረመረው። ምንም የለውም። ሄለንን ወደ ጎን ወሰዳት፤ እኔ ጎማ እያነሣሁ እሰማለሁ።

«መኪናው ጤነኛ ነው። አባትሽ ግን... ዕድሜያቸው ስንት ነው?»

ሄለን ወደ አባቷ ሄዳ እጇን ዘረጋች። «አባዬ፣ ቁልፉን ስጠኝ።»

«መኪናው ነው ያልኩሽ እኮ!»

«አባዬ፣ ፕሊስ። ቼክ ተደርጓል። ምንም የለውም። ሰው ልትገድል ነው።»

ጋሽ ተሰማ ቁልፉን ሰጧት። ከዚያ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው፣ ወለል ወለሉን ያያል። ሄለን ልትከፍል ስትገባ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«ጋሽ ተሰማ፣ ፍሬን ሲይዝ የት የት ነበሩ?»

ቀና አሉ። እስካሁን ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። «ድልድይ ሥር ስደርስ ነው፣ ልጄ። ሦስቱንም ጊዜ ድልድይ ሥር።»

«አየሩስ?»

«መንገዱ ጭቃ በረዶ ሆኖ ሰንብቶ፣ ድርቅ ያለ ብርድ ሲመጣ።»

ዞር ብዬ መኪናቸው የቆመበትን አየሁ፤ ከፊት ፓራውልቱ ሥር ውሃ ተንጣልሏል። ሌሊቱን ሙሉ የቀለጠ በረዶ ነው። ራዳሩ ወደ ላይ ቀና ብሎ ከሆነስ? ድልድዩን መንገድ ላይ የቆመ ነገር ያደርገዋል። ቀና ያደረገው በረዶ ከሆነ ደግሞ፣ የኛ ጋራዥ ሞቃት ነው። መኪናው እዚህ ሲያድር በሽታው ይቀልጣል፤ ኮምፒዩተሩ ጤነኛ ነው ይላል።

ለማርኮ ነገርኩት። «ኮምፒዩተሩ ንጹሕ ነው ብሏል» አለ። «አንቺ ጎማ ላይ ነሽ።»

ሄለንን ግን ደጅ ድረስ ተከትዬ ለመንኳት። «አንድ ጊዜ ብቻ። ራስሽ ንጂው።» በረዶ ያዘለ ጭቃ ላይ ነድታ ደጅ አሳደረችው። እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ እሷ መሪ ይዛ፣ እኔ አጠገቧ፣ ጋሽ ተሰማ ከኋላ ተቀምጠው፣ ከኋላችን መኪና አለመኖሩን ደጋግመን እያየን ወደ አንድ የባቡር ድልድይ ቀረብን። ፊት ለፊታችን ምንም አልነበረም። ድልድዩ ሥር ልንገባ ስንል ዳሽቦርዱ ቀይ በራ፣ ጮኸ፣ መኪናው በራሱ ፍሬን ይዞ በአፍጢማችን ሊደፋን ምንም አልቀረው። ሄለን «ኦ ማይ ጋድ!» ብላ ጮኸች።

ከኋላ ጋሽ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ ቀስ ብለው፣ «እኔ አይደለሁም የነዳሁት» አሉ።

ሄለን መሪው ላይ ተደፍታ ትሳቅ ታልቅስ አላወቅኩም። ከዚያ ዞራ የአባቷን እጅ ሳመች።

ሰኞ ጠዋት ብርዱ ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ዲግሪ ነበር። ከሱፐሩ ውሃ ልክ ተዋስኩ። «መደርደሪያ ልትሰቅዪ ነው?» አለኝ፤ «መኪና ልለካ ነው» ስለው ለጥቂት ጊዜ አየኝና «ግድግዳ ብቻ እንዳትበሺ» አለ። ሄለን አባቷን አሳፍራ መጥታ መኪናውን ማርኮ ግቢ ውስጥ፣ ደጅ አቆመችው። በረዶው ላይ ተንበርክኬ የራዳሩን መሸፈኛ ፈታሁ። ከመያዣው ኋላ እንደ ጡብ የጠነከረ በረዶ ተወትፏል፤ አንዱ የፕላስቲክ ማያያዣ ተሰብሯል፤ ራዳሩ አንጋጦ ሰማይ ሰማይ ያያል። ውሃ ልኩን ፊቱ ላይ ብለጥፈው በውስጡ ያለው አረፋ ሸሽቶ ጥግ ያዘ። ጣቶቼ ደንዝዘዋል።

«ማርኮ! ና ውጣ!»

በካናቴራ ወጣ። ተንበረከከ። አረፋውን አየ፣ በረዶውን አየ። «ወደ ውስጥ እናስገባው» አለ ብቻ። አስገባነው። ውሃ ልኩን እንደያዝኩ አብረን ጠበቅን። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። በረዶው ሲቀልጥ ራዳሩ ቀስ እያለ ዝቅ አለ፤ አረፋው እየተንፏቀቀ መጥቶ መሐል ላይ ቆመ። ማርኮ ኮምፒዩተሩን ሰካ። ንጹሕ ነው።

ገመዱን ነቅሎ፣ «እንዲህ እያሉኝ ‹ጤነኛ ነው› ብዬ የመለስኳቸው ሌሎች ሁለት ሰዎች አሉ» አለ። «ስልካቸውን ፈልጊልኝ። ዛሬውኑ እንደውልላቸው።» ቀጥሎ ወደ ጋሽ ተሰማ ሄደ፤ እጁን ጠርጎ ጨበጣቸው፤ በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቃቸው። እሳቸውም ባርኔጣቸውን እያሻሹ ወደ እኔ ጠጋ አሉና በአማርኛ፣ «ማያያዣው እንኳ የኔ ጥፋት ነው» አሉኝ። «ኅዳር ላይ ሳቆም የበረዶ ክምር ነክቻለሁ። ቁልፉን እንዳትወስድብኝ ብዬ ለሄለን አልነገርኳትም።»

«አባዬ፣ ሰማሁህ» አለች ሄለን ከኋላቸው።

አዲስ መያዣ ገጠምንለት። ራዳሩን በልኩ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፤ ማርኮ ከጎኔ ቆሞ ኮምፒዩተሩን በገዛ እጁ ነው የሰጠኝ። ሄለን ቁልፉን ለአባቷ በሁለት እጇ አቀበለች። በሚቀጥለው እሑድ ጋሽ ተሰማ አራት አዛውንት ጭነው ድልድዩን ሁሉ ሲያልፉ ዋሉ፤ ማታ ደውለው አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ።

ማርኮ በተለማማጅነት አስመዘገበኝ። መጥረጊያውን አሁን ተራ በተራ ነው የምንይዘው፤ እሱም ጭምር። ክረምት ክረምት ከሌላ ጋራዥ ሳይቀር «ያቺን ሴት አገናኙኝ» እያሉ ይደውላሉ። ባለፈው ወር ደግሞ የሙያ ፈተናውን አለፍኩ። ውጤቱ ስልኬ ላይ ሲገባ ጋራዡ ግቢ ውስጥ ነበርኩ፤ ዳዊት ሥራ ላይ ስለሆነ አያነሣም፤ ወደ ቤት ደወልኩ። እዚህ ጠዋት ነው፣ እዚያ ከሰዓት በኋላ።

«እማዬ፣ አለፍኩ! የመካኒክነት ላይሰንስ አገኘሁ!»

«መካኒክ?» አለች እናቴ ግራ ገብቷት። «ቀድሞስ መካኒክ አልነበርሽም እንዴ?»

«ነበርኩ እማዬ። አሁን እነሱም አወቁት።»

ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና እልልታዋን ለቀቀችው። ጎረቤት «ምን ተገኘ?» እያለ ሲሰበሰብ ይሰማኛል። እህቴ ተቀበለቻት፣ እትዬ አስካለ ተቀበሏቸው፣ ግቢው ሞላ። እኔ በረዶ መሐል ቆሜ፣ ቦት ጫማዬ ውሃ አዝሎ፣ በሳቅ እፈነዳለሁ፤ ማርኮ በመስታወቱ አይቶኝ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣልኝ። ከዚያ እልልታው መሐል ላይ መስመሩ ተቆረጠ።

መልሼ ደወልኩ፤ አልገባም። እንደገና ሞከርኩ፤ አልገባም። የሰማኋቸውን ድምፆች በልቤ አንድ በአንድ ለየኋቸው፤ እናቴ፣ እህቴ፣ እትዬ አስካለ። አንዷን ግን ላውቃት አልቻልኩም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከሁሉም በላይ ከፍ ብላ የምትሰማ የልጅ እግር ድምፅ ናት። እኔ ከወጣሁ በኋላ ሰፈራችን የገባች ትሆናለች። ሳታውቀኝ ነው እንደዚያ እልል ያለችልኝ።