ስለ ቦምብ ወርዋሪዎች ያስተማርኩበት ሴሚስተር

እንጅባራ ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ተማሪዎቼ ከዓለም ታሪክ ሁሉ ጆሯቸውን አቁመው የሚያዳምጡኝ አንድ ቦታ ላይ ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ቦምብ ይወረውሩ ስለነበሩት አናርኪስቶች ስነግራቸው። መጽሐፉ የሚሰጣቸው ሁለት አንቀጽ ነው። እኔ ከሌላ ቦታ አንብቤ ስለነበር ሙሉ ክፍለ ጊዜ እይዝላቸዋለሁ። መንግሥት የሚባል ነገር ይፍረስ የሚሉ ሰዎች እንደነበሩ፣ አብዛኞቹ በጽሑፍና በስብሰባ ይታገሉ እንደነበር፣ ጥቂቶቹ ግን ከሺህ ጽሑፍ አንድ ፍንዳታ ሕዝቡን ይቀሰቅሳል ብለው እንዳመኑ አስረዳለሁ። ድማሚት ያኔ አዲስ ነገር ነበር። በመጀመሪያ የሚፈልጉት ነገሥታትንና ሹማምንትን ነበር። በኋላ ማንም ሰው ሆነ።

እዚህ ላይ ስደርስ የፓሪሱን ወጣት አመጣለሁ። የተማረ ልጅ ነው። የሠራተኛ ምሳ ዕቃ ውስጥ ፈንጂና ጥይት ጠቅጥቆ ካፌ ገባ፤ ቢራ አዘዘ፤ ሙዚቃ እየሰማ ቆየ፤ ከዚያ ወረወረው። ከተቀመጡት አንዱንም አያውቅም። ፍርድ ቤት ሲጠይቀው፣ እዚያ ከተቀመጡት መካከል ንጹሕ የለም የሚል መልስ ሰጠ። የዛሬው ሽብር መነሻው ከዚህ ነው የሚሉ አሉ እላቸውና መጽሐፉን እዘጋለሁ። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ያንን ጸጥታ እወደው ነበር፤ አሁን መናገሩ ያሳፍረኛል።

በዚያ ዓመት ምዕራፉን ዓርብ ጀምሬ ለሰኞ አሳደርኩት። ቅዳሜ እህቴ ከጫግኒ መጣች። ታላቄ ናት፤ ጫግኒ አጠገብ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ሁለታችንም የዳንግላ ልጆች ነን፤ ቤታችን ውስጥ አማርኛ ብቻ ነበር የሚነገረው። እሷ ግን ገና በወጣትነቷ ገጠር ስለተመደበች የአካባቢውን ቋንቋ አዊኛን አቀላጥፋ ትናገራለች። የመጣችው መነጽር ልታሠራ ነበር። መነጽሩን ተቀብለን መናኸሪያው አጠገብ ያለች ሻይ ቤት ገባን። እንጅባራን በሌላ ስሟ ጠርታ፣ ቆሰበር ብርድ ነው እያለች ስታማርር ቆየችና፣ መነጽሯን ለመሞከር ብርሃን ይሻለኛል ብላ በር ጋ ተቀመጠች። ከመንገዱ ማዶ የቆመውን ሚኒባስ ታርጋ አነበበችልኝ። ቁጥሩን ሳትሳሳት ጨረሰችው።

የፍንዳታውን ድምፅ አላስታውስም። ከዚያ በኋላ ያለውን ነው የማስታውሰው። ጠረጴዛው እንደቆመ ነበር፤ የፈሰሰውን ሻይ በመሐረቤ መጥረግ ጀመርኩ። ደህና አድርጌ ጠረግኩት። ከዚያ እህቴ ወንበሯ ላይ እንደሌለች አየሁ። በር ጋ ወድቃለች፤ መነጽሯ ዓይኗ ላይ ነው፤ የቀኝ እግሯን ጫማ የት እንዳለ አላወቅኩም። ባጃጅ ነጂዎች ገብተው አነሷት። ሻዩን ያቀረበችልን ሴትዮ እዚያው ሞታለች። ሆስፒታል ስንደርስ መዝጋቢዋ ስማችንን ስትጠይቀኝ በሥርዓት ነገርኳት፤ ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

የእህቴ ቀኝ እግር ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተቆረጠ። አላለቀስኩም። ልብስ አጠብኩ፤ ሾርባ አመላለስኩ፤ የምፈርመውን ፈረምኩ።

አልጋ ስላነሰ ቁስለኞቹን ሁሉ አንድ ክፍል አስገብተዋቸው ነበር። ከእህቴ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ ከግምጃ ቤት ከተማ በኩል ለገበያ መጥተው ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበሩ አዛውንት ገበሬ ተኝተዋል፤ ሆዳቸው ላይ ነው የተመቱት። እሳቸው በአዊኛ ይናገራሉ፤ እህቴ ትተረጉምልኛለች። ከሰው ጆንያ ያመለጠ ድንች ወለሉ ላይ የተንከባለለ መስሏቸው ነበር አሉ። አንስተው ለባለቤቱ ሊሰጡ ጎንበስ ብለው ነበር፤ የሰው በርጩማ መንገዱን ዘጋባቸው። ቦምቡን የወረወረውንም ሰው በጀርባው አይተውታል። አልሮጠም አሉ፤ ቀስ ብሎ ነው የሄደው። ከዚህ በላይ አልጠየቅኳቸውም።

በአራተኛው ቀን እህቴ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ ጠራችኝ።

«ማን ነው አሉ?»

«አልታወቀም፣ እታለም። ማንም እኔ ነኝ አላለም።»

«አንቺ ታሪክ ትማሪ አልነበር? ምን ፈልጎ ነው?»

የዚህኛውን አላውቅም አልኳት። ስለ ድሮዎቹ ግን ነገርኳት፤ የማውቀው እሱን ብቻ ነበር። ፍንዳታው ራሱ ስብከት ነው ይሉ እንደነበር፣ ሕዝቡ ሰምቶ ይነሳል ብለው ይጠብቁ እንደነበር፣ ለተማሪ እንደማስረዳው አስረዳኋት። ሳታቋርጠኝ ሰማች።

«እና ሕዝቡ ተነሳ?»

«አልተነሳም። ፖሊስ በዛ፤ ሕግ ጠበቀ፤ የታሰረው ብዙ ነው።»

ለአዛውንቱ በአዊኛ የሆነ ነገር አለቻቸው። እሳቸውም አጭር ነገር መለሱ። ምን አሉ ስላት፣ «የነዚያ ሰዎች አገር እርሻ አለው ወይ ነው የሚሉት» አለችኝ። አለው አልኩ። አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ግድግዳው ዞሩ። በሳምንቱ አረፉ። ልጆቻቸው ሊወስዷቸው ሲመጡ እህቴ ተቀምጣ አልቅሳላቸዋለች፤ እኔ በሩን ይዤላቸው ነበር።

ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ሲከፈት ግማሹ ተማሪ አልተመለሰም። ርዕሰ መምህራችን ለብቻዬ ጠርተው፣ ያንን ምዕራፍ ዝለይው፣ በዚህ ጊዜ ለማንም አይበጅም አሉኝ። ለእኔ ማሰባቸው እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ግማሹን አስተምሬው ስለነበር ግማሹን ማስተማር አለብኝ አልኳቸው። አልተከራከሩኝም።

ቆሜ አነበብኩት። ምሳ ዕቃው፣ ቢራው፣ ሙዚቃው፣ የፍርድ ቤቱ መልስ፤ ሁሉንም እንደ ተራ ማስታወቂያ በአንድ ድምፅ አነበብኩት፤ እነሱም ጻፉ። ያነበብኳቸው ጽሑፎች የወርዋሪውን ስም፣ ዕድሜ፣ የበላውን የጠጣውን ሳይቀር ይዘዋል። የተቀመጡት ሰዎች ግን ቁጥር ብቻ ናቸው። ይህን ከዚያ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም። ለተማሪዎቼም አልነገርኳቸውም፤ ሰሌዳውን ጠርጌ ቀጣዩን ርዕስ ጻፍኩ።

እህቴ ክራንቿን ይዛ ወደ ጫግኒ ወረደች። አሁን የምታስተምረው ተቀምጣ ነው፤ ሰሌዳው ላይ የሚጽፉላት ልጆቹ ናቸው። ኔትወርክ ሲኖር እሁድ እሁድ ትደውላለች። ሙቀቱ ለእግሬ ተስማምቶኛል ትለኛለች፤ ቆሰበር ዘንቧል ወይ ብላ ትጠይቀኛለች፤ ዘንቧል እላታለሁ።