ራሱ ትንሽ ነው

ከአዘዞ የወጣሁ ዕለት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ደጃችን ላይ የነበሩት እነዚህ ናቸው። እናቴ ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ፤ አጎቴ አየለ፣ ባትሪ ይዞ፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሽ ይማም፣ መርፌና ክር ይዘው፤ እኔ፣ ሱሪዬን በእጄ ይዤ። ውሻችን ቡችም ነበር፤ እሱን ግን ለምስክርነት አልጠራውም።

ሱሪዬን በእጄ የያዝኩት ጋሽ ይማም ወገቡ ውስጥ መቶ ዶላር ስለሚሰፉልኝ ነው። አንዲት ወረቀት ናት። አጎቴ ከየት እንዳገኛት አልነገረኝም። አራት ቦታ አጥፎ፣ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጣቸውና «ይቺ መመለሻህ ናት፤ እንዳትነካት» አለኝ። «ሌላው ገንዘብ እንደ አገሩ ነው። ዶላር ግን ሰማይ ባለበት አገር ሁሉ ይሠራል።»

«ብቻ ሰማይ የሌለበት አገር አይሂድብኝ» አለች እናቴ።

ጋሽ ይማም መርፌውን ሃያ ሁለት ጊዜ ወጉ። ቆጥሬያለሁ።

ከመተማ ካርቱም፣ ከካርቱም ዋዲ ሃልፋ፣ ከዚያ በጀልባ አስዋን። በየኬላው ጫማዬን አስወለቁኝ፤ የጥርስ ሳሙናዬን ሳይቀር ጨምቀው አዩት። ወገቤን የነካ የለም። ጀልባው ላይ ሆኜ ውሃውን ሳየው ቀናሁበት። ከኛው አገር ተነስቶ፣ ማንም ሳሙናውን ሳይጨምቅበት ከኔ ቀድሞ ገብቷል።

ካይሮ ከሞሃንዲሲን ሰፈር ጀርባ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ውስጥ ለሦስት እንኖር ነበር። ጋሽ መርዕድ አገር ቤት የታሪክ አስተማሪ ነበሩ፤ እዚህ ልብስ መተኮሻ ቤት ይሠራሉ። ጽጌ ሞሃንዲሲን አንድ ሐኪም ቤት ተቀጥራ ታጸዳለች፤ አረብኛዋ እንደ ውሃ ነው። እኔ ዶቂ ሰፈር አንድ ቢሮ ወለል እወለውላለሁ፤ ማታ ማታ አረብኛ ራሴን አስተምራለሁ። ዘዴዬ ቀላል ነው። ከአማርኛ ጋር የሚመሳሰሉትን ቃላት ደብተር ላይ እሰበስባለሁ። ቤት ቤት ነው፤ ነፍስ ነፍስ ነው፤ ራስ ራስ ነው። ሰዉ ግን አይመሳሰልም። የመጀመሪያ ሳምንት ዳቦ ስገዛ ባለሱቁ «ኸሊሃ ዓለይና» አለኝ፤ በእኛ ይሁን ማለት ነው። ባርኬው ወጣሁ። እስከ መንገዱ ጫፍ አባረረኝ። ለካ አንተ ሦስት ጊዜ እምቢ ብለህ ልትከፍል፣ እሱም ሦስት ጊዜ ተግደርድሮ ሊቀበል ነው! እኛ ብላ እንጂ ብላ እንጂ ስንል እኮ እናጎርሳለን።

ከዚያ ሕዝቡ መንግሥት ይውረድ ብሎ አደባባይ ወጣ። ባንክ ተዘጋ፤ የኔም ቢሮ ደመወዜን እንደያዘ ተዘጋ። ስልክ ጠፋ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ከሰፈራችን ድልድይ ሥር ታንክ ቆመ። የወሩ መጨረሻ ነበር፤ መካ ደርሰው የመጡት አከራያችን ሐጋ ነዕማትም አምስት ፎቅ ሙሉ እየተነፈሱ በእግራቸው ወጡ።

«ያዕኒ፣ ማለቴ ኪራይ» አሉ።

«ሐጋ፣ ባንክ ዝግ መሆኑን እያወቁ?» አለች ጽጌ።

«ቢከፈትስ የኛ ገንዘብ፣ ጊኒው፣ ነገ ወረቀት ነው ይላሉ። ዶላር አምጡ። እስከ ዓርብ። ከሌለ፣ ማሌሽ፣ አዝናለሁ፣ ደረጃው ያውላችሁ።»

ጽጌ አየችኝ። ጋሽ መርዕድ መስኮቱን አዩ። ታንኩ ካለበት ጎዳና ላይ ሦስታችንም ፍራሻችንን ተሸክመን ታየኝ። መታጠቢያ ቤት ገባሁ፤ በምላጭ ሃያ ሁለቱን ስፌት ፈታሁ፤ መመለሻዬን አምጥቼ ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። ወደ ብርሃን አነሱት። ከዚያ «ራሱ ሱገየራ» አሉና ፊታቸውን አጨማደዱ።

ሁለቱንም ቃል ማወቄ ነው ጉዳቱ። ራሱ ትንሽ ነው! ደሜ ፈላ። «ሐጋ፣ ድሀ ብሆንም ራሴ እንደማንም ሰው ራስ ነው!» አልኩ። እስከዚያ ቀን ከተናገርኩት አረብኛ ረጅሙ ይህ ነው።

ጽጌ በሳቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «አንተን አይደለም! ዶላሩ ላይ ያለውን ሰውዬ ነው!»

ለካ አዲሱ መቶ ዶላር ላይ የሰውዬው ራስ ትልቅ ነው፤ የድሮው ላይ ትንሽ። ትንሹን መንዛሪው አይቀበልም። «ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው እኮ» ብል «ሰውዬው አንድ ነው፤ ዘመኑ ነው ያለፈው» ብለው ሐጋ ዶላሯን መለሱልኝ።

ሐጋ ከወረዱ በኋላ ጋሽ መርዕድ ሳቁ። «አያቴ ማርትሬዛ ብር ሲቀበሉ ብሩ ላይ ያለችውን ሴትዮ ጌጥ ፈርጥ በፈርጥ ይቆጥሩ ነበር። አንድ ፈርጥ ከጎደለ ‹ይቺ እሷ አይደለችም› ብለው ይመልሳሉ። የሰው አገር ንግሥት! ከባሕር ማዶ ብሩን የጫነው ነጋዴ ከነግመሉ ይመለሳል። አሁን ተራው የኛ ሆነ።» ከዚያ ያው ትምህርታቸው ተጀመረ። ዶላር እያረጀ ነው፤ ቻይናና ሕንድ በራሳቸው ገንዘብ ሊገበያዩ ነው፤ የዓለም ሚዛን ወደ ምሥራቅ እያጋደለ ነው።

«ጋሼ፣ እስከ ዓርብ ያጋድላል?» አለች ጽጌ።

እሳቸው ግን «ሐጋ የሌላቸው፣ እኛ ያለን ምንድን ነው? አባቶቻችን እኮ በአሞሌ ጨው ሲገበያዩ ዶላር አልጠየቁም» አሉ።

ነገሩን ያገኘችው ጽጌ ናት። ፖሊስ ከከተማው ጠፍቷል፤ የሕንፃው ዘበኛም አገሩ ገብቷል፤ የሐጋ ልጆች ኩዌት ናቸው። በየሰፈሩ ወንዱ ዱላ ይዞ በር ይጠብቃል፤ የኛ በር ብቻ ባዶውን ነው። ወደ ሐጋ ቤት ወረደች፤ እኔም ተከተልኳት።

«ዶላር የለም፤ ዘብ አለ» አለቻቸው።

ሐጋ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ይሄ? ለአንድ ሌሊት አሥር ጊኒ።»

«ሠላሳ። ራሱ ቢያንስም ዱላው ረጅም ነው።»

በሃያ አምስት ተዋዋሉ። ኪራዩም በጊኒ መጠራቱ ቀርቶ በሌሊት ተጠራ፤ የወሩ ሃያ ሌሊት ሆነ። ጋሽ መርዕድም ደስ ብሏቸው ከኔ ጋር መውጣት ጀመሩ። ስንት ነው ሲባል ሌሊት የሚል ገንዘብ ተፈጠረ። ባለሱቁ ሳይቀር ሱቁን ስለምንጠብቅለት አንድ ኪሎ ሽንኩርት በሩብ ሌሊት ሰጠን።

እኔ ቢጫ የስደተኛ ወረቀት የያዝኩት ሰውዬ፣ መንገዱን በዘጋንበት ጎማና የተሰበረ ወንበር ጀርባ ቆሜ፣ ግብፃውያንን መታወቂያ እጠይቅ ነበር። አንድ ምሽት አንድ ባለ ክራቫት አስቆምኩና መታወቂያውን ተቀበልኩ።

«አንተስ መታወቂያህ?» አለኝ። ሰጠሁት። አገላብጦ አየና «ይሄ ጊዜው አልፏል» አለ።

«የእርስዎም ካለፈ አራት ወሩ ነው» አልኩት።

ተያየን። «ኸላስ፣ በቃ» አለና ሲጋራ ሰጠኝ፤ አላጨስም፣ ግን ተቀበልኩ።

የአንድ ወር ኪራይ ከፍለን አራት ሌሊት አተረፍን። ከዚያ ፖሊስ ተመለሰ፤ ዘበኛውም ከነሻንጣው መጣ፤ አራቱ ሌሊታችን በአንድ ጠዋት ባዶ ሆነ። ጋሽ መርዕድ ሐዘን ተቀመጡ ማለት ይቻላል። «ዱላው ሲወርድ ገንዘቡም ይወርዳል» አሉ። «ዶላሩም ይህን አይርሳ።»

ስልክ እንደተከፈተ ቤት ደወልኩ። አጎቴ ከሰላምታ በፊት «መቶዋ አለች?» አለኝ።

«አለች። ሰፍቼ መልሻታለሁ።» በአሥራ ዘጠኝ ስፌት ነው፤ የኔ እጅ እንደ ጋሽ ይማም አይደለም።

«ነገር ከከፋ ተመለስባት።»

ከዶቂ እስከ አባሲያ መንዛሪ ቤቶችን ሁሉ እንደዞርኩባት፣ ሁሉም ራሱን አይተው እንደመለሱልኝ አልነገርኩትም። እናቴ ስልኩን ተቀበለች። «ልጄ፣ አገሩ ሰማይ አለው?»

«አለው እማዬ። አቧራ ሸፈነው እንጂ አለው።»

ያን ዕለት ደጃችን ላይ የነበራችሁ፣ የዘለልኩት ካለ ጻፉልኝ። ጋሽ ይማም፣ ስፌቱ ከሃያ ሁለት ቢበልጥ አርሙኝ። እማዬ፣ አንቺም ያየሽውን አስጽፊ። አጎቴ አየለ፣ አንተን የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ባትሪው በእጅህ ነበር፤ ከማጠፍህ በፊትም አብርተህ አይተሃታል። ራሱ ትንሽ መሆኑን ታውቅ ነበር?